ስለ ቀዩ ሰላጣ አተካከል፥ አጠባና አበላል

ለዐይን ያማረ ነገር ሁሉ ለጤና የተስማማ አይደለም፤ ለጤና የተስማማውም ሁሉ ለዐይን ያማረ አይደለም። ሁለቱ በአንድ ቅጠል የተገናኙ እንደ ሆነ ግን ያን ቅጠል ጠንቅቆ ማወቅ ቤት ለሚያስተዳድር ሰው ሁሉ የተገባ ነው። ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን ሎሎ ሮሶ ስለሚባለው የቀይ ሰላጣ ዓይነት ጥቂት ነገር ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን።

ሎሎ ሮሶ በጣልያን አገር የታወቀ ዘር ነው፤ «ሮሶ» ማለትም በቋንቋቸው ቀይ ማለት ነው። ገርጣ ያለው ወንድሙ ደግሞ ሎሎ ቢዮንዳ ይባላል። እንደ ጥቅል ጎመን ራሱን አይቋጥርም፤ ቅጠሉ እንደ ጽጌ ሬዳ ተዘርግቶ ያድጋል። ልቡ አረንጓዴ፥ ዳር ዳሩ እንደ ወይን ጠጅ የቀላ፥ ጠርዙም እንደ ቀሚስ ዘርፍ የተሸበሸበ ስለ ሆነ በገበታ ላይ ሲቀርብ አበባ እንጂ ምግብ አይመስልም።

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን ግን የቅጠሉ ውበት ብቻ አይደለም፤ በገዛ ቤታችን የደረሰው ነገር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ታናሺቱ ልጃችን ክርስትና በተነሣችበት ዕለት ዘመድና ወዳጅ ጠርተን ነበር። ገበታው እንዲያምር ብለን ከገበያ ያስመጣነውን ቀይ ሰላጣ በትልቁ ትሪ ዙሪያ አስደረደርን፤ እንግዶቹም ከወጡ ይልቅ ቅጠሉን አመሰገኑ። ነገር ግን በዚያ ጥድፊያ ሰላጣው የታጠበው በአንድ ሳፋ ውኃ አንድ ጊዜ ተነክሮ በመውጣቱ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ሳምንት ሳይሞላ የአምስት ዓመቱ ልጃችን በትኵሳትና በሆድ ሕመም ተያዘ፤ ከቤተ ሰባችንም ሌሎች ሁለት ሰዎች ታመሙ። ሐኪሙ መድኃኒቱን ካዘዘ በኋላ በመጀመሪያ የጠየቀን «በእነዚህ ቀኖች ጥሬ ቅጠል በልታችኋል ወይ?» ብሎ ነበር። ሕመሙ ከውኃ ይሁን ከቅጠል በርግጥ መናገር እንደማይቻል ገለጸልን፤ እኛም ማንንም ለመክሰስ አልተነሣንም። ልጁም ከዐሥር ቀን በኋላ ዳነ።

በዚያ ሰሞን ሌሊቱን ከልጁ ራስጌ ስትጠብቅ ያደረች እናታችን እንዲህ አለችን፤ «ልጄ፥ በእሳት ያለፈ ነገር ከማንም እጅ ቢመጣ እሳቱ ያነጻዋል። ጥሬውን የሚበላ ሰው ግን ከማን እጅ እንደ ወጣና በምን ውኃ እንዳደገ ሳያውቅ ለልጁ እንዴት ያጐርሳል?» ለዚህ ጥያቄ የምንመልሰው ቃል አልነበረንም። መልሱን ያገኘነው በጓሮአችን ነው።

የእናታችን ነገር እውነት መሆኑን ለማስረዳት ብዙ ክርክር አያስፈልግም። ጎመኑም ቆስጣውም በድስት ገብቶ ይበስላል፤ ሰላጣ ግን ከአፈር ተነሥቶ ወደ አፍ የሚሄድ ነው። በአዲስ አበባ በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ዳር ከብዙ ዘመን ጀምሮ አታክልት ይተከላል፤ ያም ውኃ የመኖሪያ ቤቱን ፍሳሽና የፋብሪካውን እድፍ ተሸክሞ የሚወርድ መሆኑን ተመራማሪዎች ደጋግመው ገልጸዋል። ገበሬውን አንወቅስም፤ እርሱ ያጠጣው ያገኘውን ውኃ ነው። ነገር ግን የወስፋት ዕንቍላል፥ አሜባና ታይፎይድ ከሰው ወደ ሰው ከሚሻገሩባቸው መንገዶች አንዱ በእድፍ ውኃ ያደገ ጥሬ ቅጠል መሆኑን ማወቅ ይገባል። ይልቁንም ሎሎ ሮሶ ከሌላው ሰላጣ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለምን ቢሉ ያ የምናደንቀው ሽብሽቡ ጠርዝ አፈርና ነፍሳት የሚሸሸጉበት ጓዳ ነውና። ውበቱና አደጋው በአንድ ስፍራ ይገኛሉ ማለት ነው።

ስለዚህ ምክራችን አጭር ነው፤ ቀዩን ሰላጣ የሚወድ ሰው በንጹሕ ውኃ ራሱ ይትከለው።

ጓሮ መኰትኰት ነውር አለመሆኑ

ከአንባቢዎቻችን መካከል «የመንግሥት ሥራ የያዘ ሰው፥ ስሙ የተከበረ ሰው፥ እንዴት ሰላጣ ሲኰተኵት ይታያል?» የሚል አይጠፋ ይሆናል። ለእንደዚህ ያለው ሰው የሮማውን ንጉሠ ነገሥት ዲዮቅልጥያኖስን ታሪክ እናስታውሰዋለን። ይህ ንጉሥ ለክርስቲያኖች ጨካኝ አሳዳጅ እንደ ነበረ ቤተ ክርስቲያን አትረሳውም፤ በ305 ዓመተ እግዚእ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መንግሥቱን በፈቃዱ ትቶ ወደ ባሕር ዳር ቤተ መንግሥቱ ከሄደ በኋላ ግን አታክልት ይተክል ነበር። ወደ ዙፋኑ እንዲመለስ በለመኑት ጊዜ በገዛ እጁ የተከለውን ጎመን ቢያዩ ኖሮ ይህን እንደማይጠይቁት መለሰላቸው ይባላል። በክፋቱ ባንመስለውም በዚህ ነገር ግን እውነት ተናግሯል።

ሰላጣ ራሱም ቢሆን የተናቀ ቅጠል አይደለም። በግብጽ አገር በካርናክ በቀዳማዊ ሰኑስረት ዘመን፥ ይኸውም ከክርስቶስ ልደት በፊት ሁለት ሺሕ ዓመት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፥ በተሠራው ነጭ ቤተ ጣዖት ግድግዳ ላይ ሚን ከሚሉት አምላካቸው በስተኋላ ሰላጣ ተቀርጾ ይታያል። የሮማ ሰዎችም ሲቈረጥ የሚወጣውን ወተት የመሰለ ፈሳሽ አይተው ላክቱካ ብለው ሰየሙት፤ ላክ በቋንቋቸው ወተት ነውና። ጸሓፊው ፕሊኒ እንደሚናገረው አውግስጦስ ቄሣር በታመመ ጊዜ ሐኪሙ ሙሳ በሰላጣ አድኖታል ይባላል።

ከዚህ ሁሉ የሚያስደንቀው ግን የዘመናችን ነገር ነው። አውትሬጅየስ የሚባል ሌላ የቀይ ሰላጣ ዓይነት ከምድር በላይ በሚዞረው በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ውስጥ በመብራት ተተክሎ በ33 ቀን ለመብል ደርሷል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2014 ዓ.ም. የተሰበሰበው የመጀመሪያው አዝመራ አልተበላም፤ ንጽሕናው እንዲመረመር ወደ ምድር ተላከ። ከዚያ በኋላ ነሐሴ 4 ቀን 2007 ዓ.ም. አሜሪካውያኑ ስኮት ኬሊና ቼል ሊንድግሬን ከጃፓናዊው ኪሚያ ዩዊ ጋር ሁለተኛውን አዝመራ ቀመሱ። ከመቅመሳቸውም በፊት ቅጠሉን የሎሚ አሲድ ባለበት መጥረጊያ አጸዱት። እንግዲህ ዝንብ በሌለበት፥ ከብት በማያልፍበት፥ የወንዝ ውኃ በማይደርስበት ስፍራ ያደገ ቅጠል ይህን ያህል ጥንቃቄ ከተደረገለት፥ በምድር ላይ ያለነው ምን ያህል መጠንቀቅ ይገባን ይሆን?

ስለ አተካከሉ

የሰላጣ ዘር እጅግ ደቃቅ ነው፤ በአንድ ግራም ውስጥ እስከ 1000 የሚደርስ ፍሬ ይገኛል። ስለዚህ ሰፊ ቦታ የሌለው ሰው አያስብ፤ ጥልቀቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን ወይም በቁመቱ የተሰነጠቀና ሥሩ የተበሳ ጀሪካን ይበቃዋል፤ ሥሩ ወደ ጥልቅ የሚወርድ አይደለምና።

አፈሩ ልል ሆኖ በደኅና የበሰበሰ ብስባሽ የተቀላቀለበት ይሁን። ትኵስ ፍግ ግን ወደ ሰላጣ መደብ እንዳታስቀርቡ አጥብቀን እንመክራለን። በአሜሪካ አገር የተፈጥሮ እርሻን የሚገዛው ደንብ ጥሬ ፍግ በተደረገበት መሬት ላይ አፈር የሚነካ የምግብ አታክልት የሚሰበሰበው 120 ቀን ካለፈ በኋላ እንዲሆን ያዝዛል። ሰላጣ ግን በ60 ቀን ውስጥ የሚደርስ ስለ ሆነ ዛሬ ፍግ አድርጎ ነገ ሰላጣ መትከል ልጅን ለበሽታ አሳልፎ መስጠት ነው።

ዘሩን በመደቡ ላይ በስሱ ከበተናችሁ በኋላ አፈር አታብዙበት፤ በወንፊት የተነፋ አፈር እንደ ጨው ነስነስ ማድረግ ይበቃል። ብዙው የሰላጣ ዘር ብርሃን ሲነካው ነው ደኅና የሚበቅለው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1952 ዓ.ም. በአሜሪካ በቤልትስቪል የእርሻ ምርምር ጣቢያ የነበሩ ሊቃውንት ቀይ ብርሃን የሰላጣን ዘር እንደሚያነቃው፥ ከቀይ የሚያልፈውና በዐይን እምብዛም የማይታየው ብርሃን ደግሞ መልሶ እንደሚያስተኛው፥ ሁለቱም ቢፈራረቁበት የመጨረሻው እንደሚረታ አስረድተዋል። አያቶቻችን ዘር የሚቀብር ገበሬ ይወዱ ነበር፤ የሰላጣ ዘር ግን በጥልቅ ሲቀበር ይቀራል።

ሙቀትም አይወድም። ከ15 እስከ 20 ዲግሪ በሆነ አየር ከአራት እስከ ዐሥር ቀን ውስጥ ይበቅላል፤ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ካለፈ ግን ብዙው ዘር ተኝቶ ይቀራል። ስለዚህ ደጋውና ወይና ደጋው አገራችን እጅግ ይስማማዋል። በአዲስ አበባና በመሰል ስፍራ የክረምቱ ዝናም ካበቃ በኋላ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ መዝራት ይመረጣል፤ በሐምሌና በነሐሴ በረዶው ቅጠሉን ይቀደዋል፥ የዝናሙም ጠብታ ጭቃውን ወደ ሽብሽቡ ይረጨዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ የሚወርድበት አገር ቢሆን ማታ ማታ ስስ ጨርቅ አልብሱት። እንደ ድሬዳዋ ባለው ቆላ ግን ቀዝቀዝ ባሉት ወራት ብቻ፥ ያውም ከቀትር ፀሐይ በተከለለ ስፍራ ቢሆን ይሻላል።

ችግኙ አራት ወይም አምስት ቅጠል ሲያወጣ፥ ይኸውም ከሦስት እስከ አራት ሳምንት በኋላ፥ ፀሐይ ሲበርድ ወደ ማታ ነቅሎ በየ25 ሳንቲ ሜትሩ መትከል ነው። ልቡ በአፈር እንዳይሸፈን ተጠንቀቁ። ውኃውን ጧት ጧት፥ በቅጠሉ ላይ ሳይሆን በሥሩ አጠጡት፤ ሥሩ አጭር ስለ ሆነ ብዙ ውኃ በአንድ ቀን ከመስጠት በየጊዜው ጥቂት ጥቂት መስጠት ይሻላል። ውኃውም የቧንቧ ወይም ንጹሕ የጕድጓድ ውኃ ይሁን፤ ዕቃ የታጠበበትን ውኃ ለአበባው ስጡት እንጂ ለሰላጣው አታሳልፉት። በተክሎቹ መካከል ገለባ ቢጐዘጐዝ እርጥበቱን ይጠብቃል፥ አፈሩም ወደ ቅጠሉ እንዳይፈናጠር ያግዳል።

ቅላቱ ከየት ይመጣል ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፥ አንቶሲያኒን የሚባለው ቀለም ነው፤ ቀይ ሽንኩርትና ጥቍር ወይን ቀለማቸውን የሚያገኙት ከዚሁ ዘር ነው። ይህ ቀለም የሚበረታው ብርሃን ሲበዛና ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ነው። በጥላ ሥር የተተከለ ሎሎ ሮሶ አረንጓዴ ሆኖ ቢቀር ዘሩን አትውቀሱ፤ ፀሐይ ቢያገኝ ይቀላል። የደጋ ሰው በዚህ ነገር ታድሏል፤ ብርሃኑም ቅዝቃዜውም በደጁ ነውና።

ጠላቶቹ ቀንድ አውጣ፥ ቆራጭ ትልና ክሽክሽ ናቸው። ቀንድ አውጣውንና ትሉን ማታ በመብራት እየፈለጉ መልቀም ለልጆች ጨዋታም ትምህርትም ይሆናል። ክሽክሹን ውኃ በመርጨት ማራገፍ ይቻላል። ጥሬውን በሚበላ ቅጠል ላይ የነፍሳት መርዝ መርጨትን ግን አንመክርም።

ስለ አሰባሰቡ

ዘሩ ከተዘራ አንድ ወር ካለፈ በኋላ ለጋውን ቅጠል መቅመስ ይቻላል፤ ሙሉ ተክል የሚሆነው ከ50 እስከ 60 ባለው ቀን ውስጥ ነው። ራሱን የማይቋጥር ስለ ሆነ ተክሉን ከነሥሩ መንቀል አያስፈልግም፤ የዳር ዳሩን ቅጠል እየለቀሙ ልቡን ቢተዉለት ለብዙ ሳምንት ይመግባል። በየ15 ቀኑም ጥቂት ዘር የሚዘራ ሰው ገበታው ከቅጠል አይለይም።

ነገር ግን አትዘግዩ። ሙቀት ሲበዛበትና ዕድሜው ሲገፋ መካከሉ እንደ ምርኵዝ ይመዘዛል፤ ያን ጊዜ ወተቱ ይበዛል፥ ቅጠሉም ይመራል። በኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 12 የፋሲካው በግ ከመራራ ቅጠል ጋር እንዲበላ መታዘዙን አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። የአይሁድ መምህራን ለዚህ ሥርዓት ከሚበቁት ቅጠሎች መጀመሪያ የቈጠሩት ሰላጣን ነው፤ ምክንያቱንም ሲያስረዱ፥ ሰላጣ በመጀመሪያው ጣፋጭ፥ በመጨረሻው መራራ እንደ ሆነ ሁሉ የግብጽም ኑሮ ለአባቶቻቸው እንዲሁ ነበር ብለዋል። ይህን ያሉት ሰዎች ሰላጣን በጓሮአቸው ያወቁት መሆናቸው ያስታውቃል።

ስለ አጠባው

በገዛ ጓሮአችሁ የበቀለ ቢሆንም መታጠብ አይቀርለትም፤ ወፍም ድመትም ያልፍበታልና። በመጀመሪያ እጃችሁን፥ ቢላዋውንና ሳፋውን እጠቡ። ከዚያም ቅጠሉን አንድ በአንድ ለያዩ፤ የተጨማደደውንና የጠወለገውን ጣሉ። እያንዳንዱን ቅጠል በሚወርድ ውኃ ሥር ይዛችሁ ሽብሽቡን በጣት እየገለጣችሁ በፊቱም በጀርባውም እጠቡት። ክሽክሽ ያለበት ቢመስላችሁ ጨው ባለበት ውኃ ጥቂት ደቂቃ ነክራችሁ እንደ ገና በንጹሕ ውኃ አለቅልቁት።

ብዙ ሰዎች አቼቶ ወይም ክሎሪን ያለበት ውኃ ሁሉን ያነጻል ብለው ይተማመናሉ። እነዚህ ብዙውን ጀርም ይቀንሳሉ፤ የወስፋትን ዕንቍላል ግን አይገድሉም፤ እርሱን የሚያስወግደው በሚወርድ ውኃ በእጅ እያሹ ማጠብ ነው፤ ያም ቢሆን ሁሉን ጠርጎ ይወስዳል ብሎ መታመን አይገባም። በሳሙና ማጠብም አይገባም። በመጨረሻ ውኃው ጠፈፍ ሲል በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ ነው።

ነፍሰ ጡር እመቤቶች በዚህ ነገር አብዝተው ይጠንቀቁ። በድመት ኩስ የሚተላለፍና ለፅንስ የሚያሰጋ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ደዌ አለ፤ ስለዚህ አፈሩን በእጅ ጓንት ይንኩ፥ በደኅና ያልታጠበም ጥሬ ቅጠል አይብሉ። ከቤት ውጭ የሚቀርበውን ሰላጣ ቢተዉትም ባለቤቱን እንደ መናቅ ሊቈጠርባቸው አይገባም።

ስለ አበላሉ

ሎሎ ሮሶ ጥቂት መረር የሚል፥ የለውዝ መሰል ጣዕም አለው። ከመቶው 95 እጅ ያህል ውኃ ስለ ሆነ ብቻውን አያጠግብም፤ ቫይታሚን ኬና ፎሌት ግን ይሰጣል። ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ስለዚሁ ቫይታሚን ኬ የቅጠል ምግቡን ድንገት እንዳያበዛ ወይም እንዳይተው ሐኪሙን ያማክር።

በጾም ጊዜ በቤታችን የምንሠራው እንዲህ ነው። ድፍን ምስር ሳይፈርስ ቀቅለን እናቀዘቅዛለን፤ ቀይ ሽንኩርትና ቃሪያ በደቃቁ ከትፈን፥ ሎሚ ጨምቀን፥ ዘይትና ጨው ጨምረን እናዋሕደዋለን። ቀዩን ቅጠል በእጅ ቈራርሰን በትሪው ላይ ካነጠፍን በኋላ ምስሩን በመካከሉ እናፈስበታለን። ዘይቱ ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ በቅጠሉ ያለው ካሮቲን የሚባለው ነገር ከሰውነት ጋር የሚዋሐደው ቅባት ሲኖር ነው። ሎሚውም ቅላቱን ያደምቀዋል። ጨውና ሎሚ ግን በመጨረሻው ሰዓት፥ ሰው ገበታ ሲቀርብ ይግቡ፤ ቀድመው የገቡ እንደ ሆነ ቅጠሉ ውኃውን ለቅቆ ይሟሽሻል። በፍስክ ጊዜ የተቀቀለ ዕንቍላል ቢጨመርበት ለልጆች ደኅና እራት ይሆናል። የተረፈውን ያልተቀመመ ቅጠል በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ከሙዝ አርቆ በቀዝቃዛ ስፍራ ማኖር ነው፤ የሙዝ እስትንፋስ ሰላጣን ያጠቍረዋልና።

በመጨረሻም ከሁሉ ደኅና የሆነውን አንድ ተክል ሳትነኩ ለዘር ተዉት። ተመዝዞ ቢጫ አበባ ያወጣል፤ አበባውም ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት በኋላ እንደ ነጭ ጥጥ ሲያጐፍር ዘሩ ደረሰ ማለት ነው። ሰላጣ በገዛ አበባው የሚራባ ስለ ሆነ ልጁ እናቱን ይመስላል፤ ከአንድ ተክል የተሰበሰበውም ለብዙ ቤት ይተርፋል።

በዚያ በክርስትናው ሰሞን የታመመው ልጃችን አሁን አድጎ ውኃ የማጠጣቱን ሥራ እርሱ ይዞታል። ባለፈው ጥቅምት እናታችን ሦስት ቅጠል ለቅማ፥ በቧንቧው ሥር ሽብሽቡን በጣቷ እየገለጠች አጥባ፥ በእንጀራ ጠቅልላ በገዛ እጇ አጐረሰችው። የቀረውን ዘር በወረቀት ቋጥረን ለጎረቤቶቻችን ሰጥተናል፤ አንባቢዎቻችንም እንዲሁ እንዲያደርጉ በትሕትና እንለምናለን።